የዳነ ልብ አደራ

ደረቱ ተከፍቶ ልቡ የተጠገነ ወጣት ቤቱ ሲገባ ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «እግዚአብሔር አንዴ አትርፎሃል፣ ከእንግዲህ አርፈህ ተቀመጥ።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ የሚያስቀይም አይደለም። የ22 ወይም የ25 ዓመት ልጅ ግን አርፎ የሚቀመጠው እስከ መቼ ነው? ከሕመሙ በፊት ኳስ ይጫወት፣ ጂም ገብቶ ብረት ያነሳ ከነበረ፣ ወደዚያ ለመመለስ መመኘቱ ውለታ ቢስነት ነው ወይስ የመዳኑ አንድ ክፍል? ጥያቄው ለሐኪም ብቻ የሚተው ይመስላል። ሐኪሙ ግን ሊነግረን የሚችለው አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ነው። ያንን አደጋ መሸከም ተገቢ ይሁን አይሁን የምንመልሰው፣ ሕይወት የማን እንደሆነች ባለን እምነት ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ከሞት የተመለሰ ሕይወት አደራ ከሆነ፣ አደራው የሚወጣው በመጠበቅ ብቻ አይደለም፣ በመኖርም ጭምር ነው። ልክ ግን አለው፤ ልኩንም የሚወስነው የሰውየው ወኔ ሳይሆን የልቡ ሁኔታ ነው።

ሰውነት የራስ ንብረት አይደለም በሚለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይስማማሉ። በአንዱ ዘንድ ሥጋ የእግዚአብሔር ማደሪያ ነው፤ በሌላው ዘንድ አላህ የሰጠው፣ በፍርድ ቀን የሚጠየቁበት አማና ነው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው አትንካው፣ አታድክመው» ማለት ቀላል ነው። በወንጌል ስለ መክሊት የተነገረውን ምሳሌ የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ የተሰጠውን ሳያጎድል መልሷል። የተወቀሰው ፈርቶ በመቅበሩ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ይራራሉ፤ ጾም ይቀርለታል፣ ቆሞ መስገድ ያቃተው ሙስሊም ተቀምጦ ይሰግዳል፣ ክርስቲያኑም ጉልበቱ ካልፈቀደ ስግደቱን ይተዋል። ይህ ፈቃድ ግን ሲሻለው ያበቃል፤ የተሻለው ሰው ወደ ጾሙም ወደ ስግደቱም ይመለሳል። በቤተሰብ ልማድ ግን አንዴ «የልብ በሽተኛ» የተባለ ልጅ ከዳነ በኋላም ስሙ አይለቀውም፤ ውኃ አይቀዳም፣ ደረጃ አይወጣም፣ ሚስት ለማግባት ሲነሳም ይኸው ስም ይቀድመዋል።

መቀመጥ ምንም አደጋ የሌለው አማራጭ ተደርጎ መታየቱ ትልቁ ስሕተት ይመስለኛል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታው ሰው ለሳምንታት በጀርባው ተኝቶ እንዳይነቃነቅ ይደረግ ነበር፤ ምግቡን እንኳ የሚያጎርሰው ሌላ ሰው ነበር። ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሕመምተኞቹን ከአልጋ አንስተው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሲጀምሩ በሆስፒታሉ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙ። ረጅሙ መኝታ ራሱ ይገድል ነበር፤ ደም እግር ውስጥ ይረጋል፣ የረጋውም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ በቅን ልቦና የተደረገ ነበር፤ ቅንነቱ ግን ማንንም አላዳነም። ዛሬ ልቡን የተሠራ ሰው ብዙ ሳይቆይ ከአልጋ ይነሳል፣ በቀናት ውስጥ ኮሪደር ላይ ይራመዳል። በሽቦ የታሰረው የደረት አጥንት ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም 3 ወር ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መግፋትና መጎተት የሚከለከለው ለዚህ ነው። ይህ ክልከላ መነሻም ማብቂያም አለው። ማብቂያው ካለፈ በኋላ እንቅስቃሴ የተነፈገ ወጣት ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊቱም ሊከተል ይችላል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ዞሮ የሚጫነው ያንኑ የተጠገነ ልብ ነው።

ብረት ማንሳት ከእግር ጉዞና ከዋና የበለጠ የሚያስፈራው ግን በምክንያት ነው፤ ፍርሃቱን ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ከባድ ብረት ሊያነሳ የተዘጋጀን ሰው ጠጋ ብለን እንየው። ብረቱን ጨብጦ አየር ይስባል፣ ጉሮሮውን ይዘጋል፣ ሆዱንና ደረቱን ያጠብቃል፤ ፊቱ ይቀላል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የታመቀው አየርና የተኮማተረው ጡንቻ የደም ግፊቱን ያንሩታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ማክዱጋል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ በደም ሥር በገባ መለኪያ ሲከታተሉ፣ 5 ልምድ ያላቸው ሰውነት ገንቢዎች በሁለት እግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደረሰ፤ የአንዱማ 480 በ350 አለፈ። ጤነኛ የደም ሥር ይህን ለቅጽበት ይችለዋል፤ የሰፋ ወይም የሳሳ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር) ግን ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ «ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብረት ማንሳት ይቻላል?» ለሚል የጅምላ ጥያቄ የጅምላ መልስ የለም። በልጅነቱ የልቡ ቀዳዳ ተደፍኖለት ሙሉ በሙሉ ያገገመ፣ አኦርታው የሰፋበት፣ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለለት፣ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል የገዛ ቫልቩን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋም ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይውጣል። ለእሱ ከብረቱ ይልቅ ቦክስ ወይም ሌላ ግጭት ያለበት ስፖርት የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቢፈስ በቀላሉ አይቆምምና።

ሐኪሙ ፈቅዶለት የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ትንፋሹን ሳይዝ ደጋግሞ ሊያነሳው ወደሚችል መጠነኛ ክብደት ነው። አንዴ ብቻ ተጨንቆ የሚነሳውን፣ ጓደኞች ከበው የሚጮኹለትን ትልቁን ብረት ይተዋል። ይህን ሽንፈት አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው፤ እኔ ግን የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ጾምን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የሚጾም ሰው ምግብ ርኩስ ነው አላለም፣ ፍላጎቱን በልክ ማሳደር ተማረ እንጂ። ምንም እንዳልደረሰበት ለማሳየት ብቻ ወደ ጂም የሚሮጥ ወጣት የደረቱን ጠባሳ እየካደ ነው። የደረሰበትን አምኖ፣ ልኩን አውቆ፣ እስትንፋሱን እያወጣ የሚያነሳው ግን በሌላ መንፈስ ነው ያለው፤ ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም አንድ ብረት ቢይዙም።

ለመመለስ ምስክር ሆኖ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ናይጄሪያዊው እግር ኳስ ተጫዋች ንዋንኮ ካኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ አገሩን በአምበልነት መርቶ የኦሎምፒክ ወርቅ ካስገኘ በኋላ ወደ ኢንተር ሚላን ሲዛወር በተደረገለት ምርመራ የአኦርታ ቫልቩ ጉድለት እንዳለበት ታወቀ። ገና 20 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ1997 ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በ1999 አርሰናል ገባ፤ በ2008 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ለፖርትስማውዝ ብቸኛዋን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በስሙ ያቋቋመው ድርጅትም አፍሪካውያን ሕፃናትን ለልብ ቀዶ ሕክምና ሲያበቃ ኖሯል። አንድ ካኑ ግን ሕግ አይሆንም። ተመልሰው ያልተሳካላቸውን ሰዎች ስም አንሰማም፤ እሱ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2014 ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። ታሪኩ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ የተጠገነ ልብ ያለው ሰው አገልግሎቱ ያበቃ ዕቃ አይደለም።

አማኙ እዚህ ላይ «አምላክን መፈታተን አይሆንም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሽማግሌውም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ያስታውሰናል። ተቃውሞው ከባድ ነው። ግን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ተብሎ ለኢየሱስ የቀረበለት ፈተና ምን እንደነበር እናስተውል፤ ያለ ምክንያት ራስን ጥሎ ተአምር መጠየቅ ነው። ምርመራውን አድርጎ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ሕመም ወይም ማዞር ሲሰማው የሚያቆም ሰው ምንም ተአምር አልጠየቀም። ተአምር የሚጠይቀው ሳይመረመር «እግዜር ያውቃል» ብሎ ብረት ሥር የሚገባው ነው። ጸበል ተጠምቄያለሁ ብሎ ዋርፋሪኑን የሚያቋርጠውም እንዲሁ፤ ጸበሉም መድኃኒቱም ከአንድ አምላክ ሳሉ አንዱን በሌላው ላይ ያስነሳል።

በሌላ ወገን ያለው ደግሞ «ሰውነቱ የራሱ ነው፣ ማን ያገባዋል?» ይላል። በዚህም አልስማማም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ስፖርተኞች ሳይመረመሩ እንዳይወዳደሩ በሕግ ደንግጋለች፤ በቬኔቶ ክልል የተደረገውና በ2006 የታተመው ጥናትም በስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ ሞት በ89 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ጥብቅነቱ ከንቱ አይደለም። ግን በጣሊያን ክለብ ይጫወት የነበረው እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ከተረፈ በኋላ፣ ደረቱ ውስጥ በገባው የልብ መንዘሪያ መሣሪያ ምክንያት ጣሊያን እንዳይጫወት ከለከለችው፤ እንግሊዝ ፈቀደችለት፤ በየካቲት 2022 በብሬንትፎርድ ማሊያ ሜዳ ገባ። አንድ ልብ፣ ሁለት ብይን። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለ መሣሪያ የተገጠመላቸውን 372 ስፖርተኞች ሲከታተል፣ በስፖርት ላይ መሣሪያው የነዘራቸው ቢኖሩም በልብ ምት መዛባት የሞተ አልነበረም። ቁጥሩ ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም፤ ከልካዩ ግን ማስረጃ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ትክክል የሚመስለኝ ሐኪሙ የሚያውቀውን ሳይደብቅ ነግሮት፣ ልጁም የሚፈልገውን ሳያፍር ተናግሮ፣ ቤተሰብ እየሰማ የሚደረስበት ውሳኔ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከራሳችን አገር የሚነሳው ነው። እዚህ የብዙ ወጣቶች ቫልቭ የሚበላሸው በልጅነት በቅጡ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ቀዶ ሕክምናው ብርቅ ነው፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። ወላጅ ያለውን ሸጦ፣ ጎረቤት አዋጥቶ፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ልኮ የሚታከምም አለ። ታዲያ ይህን ያህል ሰው የደከመበትን ልብ በብረት ማስጨነቅ ለጋሹን መካድ አይሆንም? ዕዳው እውነት መሆኑን አምናለሁ። ዕዳው ልጁን የሚያስረው ግን መጀመሪያ በፔኒሲሊን መርፌው፣ በዋርፋሪኑ፣ በቀጠሮው ላይ ነው፤ ቀጠሮውን እየዘለለ ቤት ተቀምጦ የሚውል ልጅ ዕዳውን እየከፈለ አይደለም። ያዋጡትም ሰዎች ያዋጡት እንደ ሰው ሠርቶ፣ ሮጦ፣ ወልዶ እንዲኖር ነው። የምቀበለው ገደብ ሌላ ነው። የደሙን መርጋት የሚለካው የአይ.ኤን.አር ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ በሌለበት ወረዳ ለሚኖር ልጅ ልኩን በትክክል የሚነግረው የለም፤ እንዲህ ያለው ከእግር ጉዞና ከቀላል ሥራ ባያልፍ ይሻለዋል። ግን ይህ ክልከላ ከምርመራ እጦት የመጣ መሆኑ በግልጽ ይነገረው፤ የልቡ ወይም የአምላክ ፍርድ እንዳይመስለው። የሚጎድለን አንድ ወረቀት ነው፤ ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ምን ያህል ኪሎ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ምልክት እንደሚያቆም፣ ማንን እንደሚጠይቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በየአገሩ ቋንቋ ተጽፎ የሚሰጠው። «አርፈህ ተቀመጥ» የሚሉት እናት እስካሁን ከዚህ የተሻለ የነገራቸው ሰው የለም።