የሐሙስ ማታ ትዝታ

በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ወር ለሥራ ጉዳይ ለንደን ሄጄ የአክስቴ ልጅ ቤት ሰነበትኩ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ከአገር ከወጣች ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏት ነበር፤ ቤቷ ሲገቡ ግን ረከቦቱ ከነስኒው፣ ዕጣኑ፣ የግድግዳው መስቀል፣ ሁሉም በቦታው አለ። ሐሙስ ማታ ራት ላይ እያለን ሰዓቷን አየት አደረገችና "በል አንተ ብላ፣ የኔ ፕሮግራም ደርሷል" ብላ ብድግ አለች። ስለ አገር ቤት የሚወራ ዜና መስሎኝ እኔም እጄን ሳልታጠብ ተከተልኳት።

ዜና አልነበረም። ከታች የሰፋ ሱሪ ያጠለቁ፣ ጸጉራቸው ጆሯቸውን የሸፈነ ጎረምሶች መድረክ ላይ ይወዛወዛሉ። ከፊታቸው የቆሙት ታዳሚዎች፣ አብዛኞቹ ልጃገረዶች፣ እየጨፈሩ ካሜራው ወደነሱ ሲዞር በጎን ሰረቅ አድርገው ያዩታል።

"የመቼ ነው?" አልኳት።

"የ1978" አለች ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑ ነው።

ፕሮግራሙ "ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ" ይባላል። ቢቢሲ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1964 ማንቸስተር ከተማ፣ ወደ ስቱዲዮ በተለወጠ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። (የኛም ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በዚያው የፈረንጅ ዓመት ማለቂያ ገደማ ስለሆነ እኩዮች ናቸው።) አሠራሩ ቀላል ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ሙዚቃ ቤቶች የሸጧቸው ሸክላዎች ተቆጥረው ደረጃ ይወጣላቸዋል። ከፍ ያሉትና አዲስ የገቡት ይቀርባሉ፤ መጨረሻ ላይ አንደኛው ይዘፈናል። ይዘፈናል ስል አብዛኛውን ጊዜ ሸክላው እየተጫወተ ዘፋኙ አፉን ያንቀሳቅሳል ማለቴ ነው። በገነነበት ዘመን በሳምንት እስከ 15 ሚሊዮን ሰው ያየው ነበር። ሳምንታዊ ሥርጭቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2006 ተዘጋ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ቢቢሲ ፎር የተባለው ቻናል ከ1976 ጀምሮ ያሉትን እያወጣ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ወደኋላ እየቆጠረ፣ በየሳምንቱ ይደግማቸው ጀመር። ስለዚህ ውጭው 2013 ሆኖ ሳለ እትዬ ሳሎን ውስጥ 1978 ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ትዝታ ያለ ነገር ነው፤ እኛ እንኳ ቅኝት ሰይመንለታል። ግን የሙዚቃ ደረጃ? ይሄኛው ዘፈን ከአሥራ ሦስተኛ ወደ ዘጠነኛ ከፍ ማለቱን ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በጉጉት መጠበቅ፣ የአምናን የአየር ትንበያ ሰምቶ ጃንጥላ ይዞ እንደመውጣት ነው። ዘፈኖቹንማ የፈለገ ሰው ኢንተርኔት ላይ በደቂቃ ያገኛቸዋል። ለምን ሐሙስን ትጠብቃለች?

ስጠይቃት "ያው ሐሙስ ሐሙስ ስለነበር ነዋ" አለችኝ። መልስ አልመሰለኝም ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም። በዚያ ጊዜ እንግሊዝ አገር የነበሩት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው። ማክሰኞ ደረጃው በሬዲዮ ይነገራል፤ ሐሙስ አገሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ዓርብ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ውስጥ ወሬው እሱ ነው። የኛ ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አንድ ጣቢያ፣ ምንጣፍ ላይ የተኮለኮልነው የጎረቤት ልጆች፣ "እግሩን ያልታጠበ እንዳይገባ!" የሚሉት የቤቱ እመቤት። የናፈቀን ፕሮግራሙ ይሁን መኮልኮሉ ለይቼ አላውቅም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሰው የድሮ ዘፈን ሲመርጥ ምርጥ ምርጡን ነው የሚያስቀረው። የደረጃ ፕሮግራም ግን የሳምንቱን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ማንም የማያስታውሰውን፣ ያኔ አገር ያበደበትን ዛሬ ግን የሚያሳፍረውን ዘፈን ጭምር። እትዬ አንዱን ዘፋኝ ስታይ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና "ለዚህ ሰው እኮ አልቅሻለሁ!" አለች። እዚህ ላይ ለፕሮግራሙ አክብሮት አደረብኝ። እኛ የረሳነውን ኪሳራችንን ሳይቀር መዝግቦ የሚያስቀምጥ ደብተር ነው አልኩ።

እንዲህ ያልኩት ቸኩዬ ነው። ደብተሩ ብዙ ገጽ ጎድሎታል።

የመጀመሪያው ጉድለት የድህነት ነው ሊባል ይችላል። ያኔ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ የቆየውን እየደመሰሰ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ከ1960ዎቹ ሥርጭቶች የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ቢትልሶች ሰኔ 16 ቀን 1966 ስቱዲዮው ድረስ መጥተው የቀረቡበት ሳይቀር ጠፍቷል። በ2019 አንድ ቤተሰብ ያን ዕለት ቴሌቪዥኑን በቤት ካሜራ ሲቀርጽ ያስቀረው አሥራ አንድ ሰከንድ ድምፅ አልባ ፊልም ሲገኝ እንደ ጽላት መገኘት ነው የተወራለት።

ሁለተኛው ጉድለት ግን ከጨዋታ ያልፋል። እትዬ "አሁን አሁን ሳምንት ይዘላሉ" አለችኝ። የሚዘለሉት ጂሚ ሳቪል ያቀረባቸው ናቸው። ይህ ሰው በ1964 የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያቀረበ፣ በ2006 የመጨረሻው ዕለትም መብራቱን ያጠፋ ነው። በበጎ አድራጎቱ የተጨበጨበለት፣ "ሰር" የተባለ፣ በ2011 ሲሞት አገር የሸኘው ሰው ነበር። በሞተ በዓመቱ፣ ጥቅምት 2012፣ በልጅነታቸው የደፈራቸው ሴቶች በሌላ ቴሌቪዥን ቀርበው ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ ጎርፍ ሆነ። በ2016 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ከቢቢሲ ሥራው ጋር በተያያዘ ብቻ 72 ተጎጂዎችን ቆጥሯል። ከነዚህ መሃል ይህንኑ ፕሮግራም ለማየት ስቱዲዮ የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ።

ሪፖርቱ ሲወጣ ትዝ ያሉኝ እነዚያ ካሜራውን ሰረቅ አድርገው የሚያዩት ልጆች ናቸው። ያን ማታ ሳቅ ብዬ ነበር ያየኋቸው።

ታዲያ መዝለሉ ትክክል ነው? እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ዛሬ ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት ለመዝናናት ቴሌቪዥኗን ስትከፍት ያ ሰው እየሳቀ ሊቀበላት አይገባም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። አንድ ሳምንት ለተጎዳው ሰው ሲባል ሊቆረጥ ይችላል፤ እኛ ተመልካቾቹ ቅር ሳይለን እንድንጨፍር ሲባልም ሊቆረጥ ይችላል። መቀሱ አንድ ነው፤ የተቆረጠውም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ቆይቶ ነው፤ የጎደለውን የሚያውቁት ሰዎች ሲያልቁና የቀረው ንጹሕ ዘመን ብቻ ሲሆን።

ወደ ሳሎኑ ልመለስ። የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ። የሳምንቱ አንደኛ ቦኒ ኤም ነበሩ፤ ዘፈኑ "ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን"። በዚያ ዓመት በግንቦትና በሰኔ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየ፣ እንግሊዝ አገር ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ሸክላ ነው። ቃሉን አብዛኛውን የወሰደው በኛ ቁጥር ከመዝሙረ ዳዊት 136 ነው፤ ተማርከው በሰው አገር ወንዝ ዳር ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ የሚያለቅሱ ሰዎች መዝሙር። ያን ሁሉ ሕዝብ በዲስኮ ምት አስጨፈሩበት። ዘፈኑ ከነሱ በፊት ሜሎዲያንስ የተባሉ የጃማይካ ዘፋኞች ነበር። ጃማይካውያኑ በእግዚአብሔር ስም ቦታ ራስ ተፈሪያን ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የሚሰጡትን ማዕረግ ነበር ያስገቡት፤ ቦኒ ኤም ይህን አውጥተው ወደ ቀድሞው መለሱት። ንጉሡ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነበር። ያንን መዝሙር ለንደን ቁጭ ብላ የሰማች አንዲት ኢትዮጵያዊት ስደተኛ፣ የአገሯ ስም ከጀርባው እንዳለ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ሙዚቃው ሲጀምር የእትዬ ልጅ ከላይ ቤት እየሮጠች ወረደች። እዚያው የተወለደች፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። "ማሚ፣ ያንቺ ዘፈን!" ብላ እናቷን እጇን ይዛ አስነሳቻት። ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ጨፈሩ። እትዬ እርምጃውን አልረሳችም። ልጅቷ በሳቅ ሞታ ወደ ላይ ተመለሰች። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ።

እትዬ ቡናውን እየቆላች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ይሄ ዘፈን አንደኛ በነበረ ጊዜ ነው የወንድሜ ደብዳቤ የደረሰኝ" አለች።

ታላቅ ወንድሟን አውቀዋለሁ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ነው የወሰዱት። በካርቱም በኩል በሰው እጅ የመጣላት ወረቀት ግልጽ ነገር የለበትም፤ "ወንድምሽ ከሄደበት አልተመለሰም፣ እናትሽ ጥቁር ለብሳለች" ይላል። ሐሙስ ቀን ነው የደረሳት። በእኛ ወግ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ሰው ከኋላ ይቆማል። እሷን የያዛት ሰው የለም። አራት ሆነው የሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ወረቀቱን አጣጥፋ ትራስ ሥር አደረገችው። ማታ ልጆቹ ቴሌቪዥን ወዳለበት ክፍል ሲወርዱ አብራ ወረደች። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየች። አንደኛው ዘፈን ሲመጣ ሁሉም ተነስተው ጨፈሩ፤ እሷም ጨፈረች።

"ደስ ብሎኝ ነበር እኮ" አለችኝ። "ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱን ነው ለማንም ያልነገርኩት።"

ከአምስቱ ሳምንት የትኛው ሐሙስ እንደነበር አታስታውስም። ስለዚህ ሁሉንም ታያለች። እኔ ደግሞ ራት ጥላ ለጨዋታ የተነሳች መስሎኝ ስስቅባት ነበር።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስለ ደርግ ዘመን ምሽት ቤቶች የሚያወራ ሰው ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ስልሳውን ያለፉ አዲስ አበቤዎች ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ዋልያስን፣ ሮሃን ይጠሩልሃል። "ባንዱ እኮ እስኪነጋ ነበር የሚጫወተው! ሰዉም እስኪነጋ ነው!" ይሉሃል። እውነት ነው። ግን ለምን እስኪነጋ? ሰዓት እላፊ ስለነበረ ነዋ። አንዴ የገባ ሰው በሩ ይቆለፍበታል፤ ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ይተኮስበታል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሲነጋ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ጨፋሪ መንገድ ላይ የተጣለ ሬሳ እያየ ነው ያለፈው። ያ ጣፋጭ ሌሊትና ያ ጥይት የአንድ ሰዓት እላፊ ልጆች ናቸው።

"ውሸት ነው፣ ደስ አይልም ነበር" ብዬ አልከራከራቸውም። ደስ ይል ነበር። ሰው እንዲያ ባለ ጊዜ ባይጨፍር ኖሮ ያብድ ነበር፤ ለደስታው ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም። እትዬም ያን ማታ መጨፈሯ ኃጢአት ነው የሚል ካለ፣ ያን ማታ የት እንደነበር እጠይቀዋለሁ። የኔ ሙግት ሌላ ቦታ ላይ ነው። የኖረበት ሰው ዘፈኑን ሲሰማ የተቆረጠውን ራሱ ይሞላዋል፤ ሳይናገረውም ያውቀዋል። አጠገቡ ተቀምጦ የሚሰማው ልጅ ግን የሚደርሰው ዘፈኑ ብቻ ነው። "እስኪነጋ ነበር" ሲባል ይሰማል፤ በሩ ከውጭ ያስፈራ እንደነበር አይሰማም። ቆይቶ ያ ልጅ "ምን ዓይነት ደግ ዘመን ነበር!" ብሎ ቢመኘው በማን ይፈረዳል?

ይህን ለእትዬ እንዲህ አስተካክዬ አልነገርኳትም፤ ያኔ እንዲህ አላሰብኩትም። ሁለተኛው ቡና ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት።

"ለልጅሽ ነግረሻታል?"

ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችና ወደ ደረጃው ቀና ብላ አየች። ከላይ ልጅቷ ያንኑ ዘፈን ስታንጎራጉር ይሰማል።

"ገና ሁለት ሐሙስ አንደኛ ነው" አለችኝ።