እንክርዳዱና እምቦጩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በተናገረው ምሳሌ፤ ባለቤቱ አገልጋዮቹን እስከ መከር ድረስ እንክርዳዱን እንዳይነቅሉ ይከለክላቸዋል። ይህን ይዘው «የጣናን እምቦጭ እግዚአብሔር በጊዜው ያጠፋዋል፤ እኛ ምን አገባን?» የሚሉ አልታጡም። ነገር ግን ጌታ ራሱ ምሳሌውን ሲተረጕም እንክርዳድ ያላቸው ክፉዎችን ሰዎች ነው እንጂ የውኃ አረም አይደለም። በሰው ላይ እንድንታገሥ የታዘዝነውን ለአረም ማድረግ፤ ስንፍናን በቅዱስ ቃል መሸፈን ነው። አዳምም በገነት የተቀመጠው ሠራተኛዋና ጠባቂዋ እንዲሆን ነበር።

እምቦጭ በተፈጥሮው ርጉም አይደለም። በደቡብ አሜሪካ፤ በተገኘበት ውኃ፤ የሚበሉት ነፍሳት ስላሉ በልኩ ይኖራል፤ አበባውም ያማረ ነው። (በየአገሩ ያዞሩትም በዚሁ አበባው የተማረኩ ሰዎች ናቸው።) በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ከታየ ወዲህ ግን፤ ከልካይ ስላጣና ጎርፍ ከየማሳው የሚያወርደው አፈርና ማዳበሪያ ስለመገበው፤ የአሣ አጥማጁን መረብ፤ የታንኳውን መንገድ፤ የከብቱን መጠጫ ዘጋ።

በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል፤ ሥራውም የሚመሰገን ነው። ሆኖም የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለአንድ ወር የሚዘምት ሳይሆን ዓመት ከዓመት በፈቃዱ የሚመለስ ሕዝብ ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ከካህን ይልቅ በቅርብ የሚያገኘው ማን ነው? ማኅበሩ ጽዋ ሲጠጣ፤ ሰንበቴው ሲሰበሰብ ካህኑ አለ።

ነገር ግን ካህኑ ጥላ ይዞ ከዳር ቆሞ ቢያዝ ሕዝቡ በሁለተኛው ዓመት አይመጣም። ቀሚሱን ሰብስቦ አስቀድሞ ይግባ። ደግሞም ገበሬው በሬ በማይጠምድበት በወርኃዊው በዓል ቀን «በዓል ይሻራል» ብሎ የሚሰጋውን ያጽናናው፤ ጌታ በሰንበት ጉድጓድ ስለ ገባው በግ የጠየቀውን ያስታውሰው። በበዓል ቀን ሙት እንቀብራለን፤ ድውይ እንጠይቃለን፤ ለመንደር ሁሉ የሚሆን ውኃ ማዳንም ከዚሁ ይቈጠራል።

አረሙ ሳያብብ ከነሥሩ ይነቀል፤ ቍራጩ እንደገና ስለሚያድግ አንድም አይጣል፤ ጎርፍ ከማይደርስበት ተከምሮ ይድረቅና ይቃጠል። አብሮ ደንገሉ እንዳይነቀል ግን ታላቅ ጥንቃቄ ያሻል። ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው፤ አሣ የሚራባው በደንገል ሥር ነው፤ ከማሳ የሚወርደውንም አፈር የሚይዘው እርሱ ነው። ዳርቻው እየታረሰ ደንገሉ ሳስቷልና፤ እምቦጭ በተነቀለበት ዳርቻ ደንገል ይተከል። ችግኙ ሥር እስኪይዝ ከብት እንዳይገባበት የአጥቢያው ሽማግሌዎች ከካህናቱ ጋራ ሆነው ክረምት ሳይገባ ይወስኑ።