የሚዘጋ መዝገብ፣ የማይዘጋ አፍ

በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ላሊበላ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አክስቴ ከከተማው ጫፍ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ለሌሊት ጥበቃ አንድ ሰው ልትቀጥር አስባ ሳለ ጎረቤቷ «ያ እኮ ታስሮ የወጣ ነው» ስላለቻት ልቧ ሸፈተ። ያልደረሱ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏትና አልፈረድኩባትም። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ሂድና ስሙን ከመዝገብ ፈልግልኝ» አለችኝ። ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁና ሰነድ ማገላበጥ የእኔ ፋንታ መስሎኝ ሄድኩ።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ በትሕትና ሁለት ነገር ጠየቀኝ፤ የመዝገቡን ቁጥርና በጉዳዩ ምን እንዳገባኝ። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ የላሊበላ ገበያ ቀን። መዝገብ ቤት የተከለከልኩትን ገበያው ሳይጠየቅ ሰጠኝ። አንዱ «ሰው ገድሎ ነው» አለኝ፤ ሌላው «በሬ ነድቶ ነው»፤ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገና የሚፈለግ ነው፤ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶበታል» አለኝ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሰውየውን በልቤ ፈርጄበት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መዝገቡ ተዘግቶ አፍ ከሚከፈት፣ መዝገቡ ራሱ ቢከፈት አይሻልም ወይ? በአሜሪካ በብዙ ካውንቲዎች (እኛ ወረዳ ከምንለው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው) ማንኛውም ሰው የጎረቤቱን ስም ኮምፒውተር ላይ ጽፎ የክስና የፍርድ መዝገቡን፣ አንዳንዴም የመያዣ ትእዛዝ የወጣበት መሆኑን ማየት ይችላል። ይህ ለነውር የተፈለሰፈ ነገር አይደለም። ሰው በስውር የሚያዝበት አገር ምን እንደሚመስል እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ በደርግ ዘመን ስንቅ ቋጥራ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ልጇን ስትፈልግ የኖረች እናት ታውቀዋለች። ስለዚህ የእስር መዝገብ በግልጽ መያዙ ለታሳሪውም ጋሻ ነው።

ነገር ግን ብርሃኑ በማን ላይ እንዲበራ ነው የምንፈልገው? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ የመያዣውን ትእዛዝ ለሚያዘው ሰው እንዲያነብለት፣ ከጠየቀም እንዲያሳየው ያዛል። ለገበያው እንዲያነብ አላዘዘም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ እስኪፈረድበትም ድረስ ጥፋተኛ ሆኖ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ይህ ሁሉ ግልጽነት የተዘረጋው ሥልጣን ያለውን ለመቆጣጠር እንጂ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲሰልል አይደለም። የመያዣ ትእዛዝ ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ በይፋ ሲለጠፍ ግን ፍርድ ይመስላል።

የተፈረደበትስ? እዚህ ላይ ሕጋችን የሚያስገርም ቃል አለው፤ «መሰየም» ይለዋል። ቅጣቱን የጨረሰ፣ በመልካም ጠባይ የኖረና የተፈረደበትን ካሣ የከፈለ ሰው፣ ጽኑ እስራት ከሆነ ከ5 ዓመት፣ ሌላ ቅጣት ከሆነ ከ2 ዓመት በኋላ ለፈረደበት ፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ተሰርዞ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በክፋት ያን ፍርድ አንስቶ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት እኮ ነው» ብሎ መከራከርም አይጠቅመውም። እንግሊዝ የቆየ ፍርድ እንዲረሳ የሚያደርግ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ መሰየም ነበረ፤ በ1996ቱም ቀጥሏል።

እውነት መናገር እንዴት ጥፋት ይሆናል? ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ይህ ነው፤ የሰውን ጥፋት ብቻ ነግሮ የከፈለውን ዕዳ ያስቀረ ሰው ግማሽ ሒሳብ ነው ያነበበው። ግማሽ ሒሳብ ደግሞ ከሐሰት አይሻልም።

ሌላው ወገን ግን መዘንጋት የለበትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የበዳይ መዝገብ እንዲዘጋ ስንል የተበዳይን ቁስል ዝጉ ማለታችን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ልጆች የሚያስተምር፣ ሌሊት ቤት የሚጠብቅ ሰው ስላለፈው ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ልዩነቱ ለሥራው የሚያስፈልገውን፣ ሰውየው እያወቀ መጠየቅና ያገኘነውን ሁሉ በድብቅ መልቀም መካከል ነው። የስም ዝርዝር በማን እጅ እንደሚወድቅ ደግሞ አይታወቅም። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ ያየ ሰው፣ መዝገብ የሚያገለግለው የጻፈውን ብቻ ሳይሆን የያዘውንም እንደሆነ ይረዳል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። የገበያውን ወሬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «እሱን ራሱን ጠየቅከው?» አለችኝ። አፈርኩ። ሰውየውን አስጠራችው፤ ቡናም አቀረበችለት። «ስለ አንቱ ከሰው አፍ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እስቲ ከራስዎ ልስማው» አለችው። ሳይደብቅ ነገራት። በእርሻ ወሰን ተጣልቶ የጎረቤቱን ክንድ በበትር ሰብሯል፤ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ተፈርዶበት ጨርሶ ከወጣ 4 ዓመት ሆኖታል፤ ካሣውን ከፍሎ በሽማግሌ ታርቋል። ማመልከት የሚችልበት ጊዜ ካለፈ 2 ዓመት ሆኖት ነበር፤ መሰየም የሚባል ነገር መኖሩን ግን የነገረው ሰው አልነበረም።

«ዋስ ያስፈልግዎታል» አለችው አክስቴ። ሰውየው በማግስቱ ዋሱን ይዞ መጣ። ዋሱ ቡናውን የተቀበለው በግራ እጁ ነበር፤ ቀኙ እንደ ልብ አይዘረጋለትም።