ኪነ ጥበብና ደጃፉ

«ኪነ ጥበብ ለሰፊው ሕዝብ!» ሲባል ሁላችንም እናጨበጭባለን። ግን አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ሥዕሉንና መድረኩን በነጻ ማድረግ ብቻውን ለሕዝብ አደረስን ያሰኛል ወይ?

አንድ ቀን አክስቴን ይዤ ወደ አንድ የሥዕል ትርኢት ሄድኩ። በሩ ላይ «መግቢያ በነጻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዘበኛውን ቀና ብላ አየችና «እኔ እዚህ ምን ልሠራ? አንተ ግባ ልጄ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ። ትቻት ገባሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሥዕል አትወድም እንዳትሉ! አራዳ ጊዮርጊስ ስትሳለም አፈወርቅ ተክሌ ከሣላቸው የግድግዳ ሥዕሎች ፊት ቆማ ታሪካቸውን ለልጆች የምትተርክ እሷ ናት። የሠዓሊውን ስም አታውቅም። የዚሁ ሠዓሊ ሌላው ታላቅ ሥራ፣ የትናንቷን፣ የዛሬዋንና የነገዋን አፍሪካ የሚያሳየው 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስተዋት ሥዕል፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። አዳራሹ ያለው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ነው። አክስቴ በአጥሩ ሥር ስንት ጊዜ አልፋለች፤ ገብታ ግን አታውቅም። ሠዓሊው አንድ፣ ደጃፉ ሁለት።

እንግዲህ አጥሩ የመግቢያ ሳንቲም ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሀፍረትም አጥር ነው። ማንበብ ለማይችል ያ «በነጻ» የሚለው ወረቀት ራሱ አጥር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የት እንደምትቆም ታውቃለች፤ «ምን ገባሽ?» ብሎ የሚፈትናት የለም። ባለቤት ሆና ነው የምትገባው።

መድረክንም በተመለከተ ከአዝማሪ እንማር። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ታዳሚው «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ያለው ይሸልማል፤ የሌለው ሰምቶና ስቆ ይሄዳል። ሰሚው ራሱ ገጣሚ ስለሆነ እንደ ተመጽዋች አይሸማቀቅም።

«ሁሉም በነጻ ከሆነ ባለሙያው ምን በልቶ ይደር?» የሚል ጓደኛ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጭብጨባ ጤፍ አይሸምትም። ነገር ግን ተመልካቹ በነጻ ይይ ማለት ሠዓሊው በነጻ ይሣል ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑም ሥዕል አሠሪ ነበረው፤ ወጪው ግን ከተሳላሚው ደጃፍ ላይ አልተጠየቀም። ክርክራችን መሆን ያለበት ወጪውን እንዴት በጋራ እንሸከም በሚለው ላይ ነው።

እኛስ? የኪነት ምሽት ስናዘጋጅ በራችን ላይ ቆሎ የሚሸጡት እናቶች ከበሮውን ከአጥር ውጭ ሆነው ነው የሚሰሙት። «ማን ከለከላቸው?» እንላለን። አክስቴንም ማንም አልከለከላትም ነበር። የሚቀጥለውን ምሽት እስቲ ከበሩ ውጭ፣ እነሱ ካሉበት እናድርገው። ግጥማችንንም አንብበን ስንጨርስ ዝም እንበልና፣ ከመካከላቸው አንዷ «ተቀበል!» እስክትል እንጠብቅ።