በመንግሥት የተላከ ቸርነት

ቸርነት ከልብ የሚመነጭ ነገር ነው፤ መንግሥት ግን ልብ የለውም፤ ያለው ሕግ፣ በጀትና ጥቅም ነው። እንግዲህ አንድ መንግሥት ወጣቶቹን መልምሎና አሠልጥኖ፣ የመንገዳቸውንና የቀለባቸውን ወጪ ችሎ፣ በፈቃዳቸው ያገለግሉ ዘንድ ወደ ባዕድ አገር ሲልካቸው ይህ ሥራ ቸርነት ይባላልን? ወይስ የቸርነት ልብስ የለበሰ ፖለቲካ ነው? ጥያቄው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከየትምህርት ቤታችን ደጃፍ የደረሰ ነገር ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የሰላም ጓድን በየካቲት ወር 1953 ዓ.ም. አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የመጀመሪያዎቹ ፈቃደኞች ጋና ገቡ፤ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ ከ270 የሚበልጡ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባና በየጠቅላይ ግዛቱ ማስተማር ጀመሩ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበርና፣ ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት የአፍሪካንና የእስያን አገሮች ወዳጅነት ይሻሙ ነበር። ስለዚህ የላኪው አሳብ ንጹሕ ቸርነት ብቻ ነበር ማለት የዋህነት ነው። ጓዱን ያጸናው ሕግ ራሱ ይህን አልደበቀም፤ ከሦስቱ ዓላማዎቹ አንዱ የሠለጠነ ሰው የሚያስፈልጋቸውን አገሮች መርዳት ሲሆን፣ ሁለቱ አሜሪካውያን በሌላው ሕዝብ ዘንድ፣ ሌላውም ሕዝብ በአሜሪካውያን ዘንድ በይበልጥ እንዲታወቁ ማድረግ ነው።

ነገር ግን የላኪው አሳብና የሥራው ዋጋ አንድ አይደሉም። መሣሪያ የሰጠ መንግሥት በተቀየመ ጊዜ መለዋወጫውን ይከለክላል፤ ገንዘብ ያበደረም ወለዱን ይጠይቃል። ዕውቀት ግን አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ወደ ሰጪው የማይመለስ ሀብት ነው። በሐረር ወይም በጎንደር አንድ ተማሪ የጂኦሜትሪን ማስረጃ በተረዳ ጊዜ፣ ያ መረዳት የተማሪው እንጂ የዋሽንግተን ገንዘብ አይደለም። የኋላ ኋላ የእኛው ተማሪዎች እነዚህን መምህራን የአሜሪካ ጣልቃ ገብነት ምልክት ናቸው ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው በሁሉም ሰው ላይ ፍትሐዊ ነበር ባይባልም፣ ከመምህሩ የተማረ ሰው መምህሩን ለመመርመር መነሣቱ፣ ትምህርቱ በእርግጥ የተማሪው ገንዘብ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ሆኖም ከላኪው ጥቅም ይልቅ የሚያስፈራ ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም ንቀት ነው። በጥቅምት ወር 1954 ዓ.ም. በናይጄሪያ በኢባዳን፣ አንዲት ፈቃደኛ የአገሩን ድህነት እያነሣች ለወዳጇ የጻፈችው ፖስት ካርድ በተማሪዎች እጅ ወደቀ። ተማሪዎቹም እጅግ ተቈጥተው ፈቃደኞቹ ከአገር ይውጡልን አሉ። የጻፈችው ሐሰት ስለ ነበረ ብቻ አልነበረም፤ የቤትን ጕድለት ባለቤቱም ያውቃል። ያስቈጣቸው፣ ሊረዳ የመጣ እንግዳ ጕድለታቸውን በስተጀርባ ለሌላ መንገሩ ነበር። ድኻ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሀብት ክብሩ ነውና። ባንጻሩ የአገሩን ቋንቋ ሊማር የተጋ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንጀራ የቈረሰ ፈቃደኛ፣ ሰጪ ብቻ ሳይሆን ተቀባይም ይሆናል። ተቀባይ የሆነ ሰው ደግሞ ለመናቅ ያፍራል።

አሁን ፊታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ ነገር ግን እንግዳ ብረት ባይሆን እንኳ አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም። በመንግሥት ትእዛዝ የመጣ በመንግሥት ትእዛዝ ይመለሳል። የሰላም ጓድ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት በሻከረ ጊዜ፣ ከኢትዮጵያ ወጣ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዓለም ዙሪያ የነበሩት 7,000 ያህል ፈቃደኞች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ትምህርት ቤቱን በእንግዳ ትከሻ ላይ ብቻ ያቆመ አገር፣ በእንዲህ ያለው ቀን ምን ይውጠዋል?

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ። ይህ ግዴታ እንጂ ፈቃድ አልነበረም፤ ስለዚህም ከባዕዱ ወጣት አገልግሎት ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም። እንግዳው የሰጠው ስጦታ ነው፤ የአገሩ ልጅ የሰጠው ግን ዕዳ ነው። ስጦታ ቢቀር ማንም አይከሰስም፤ ዕዳ ቢቀር ግን ቤት ይፈርሳል። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንደሚባለው፣ የገጠሩን ልጅ ማስተማር ለእኛ ከከበደን፣ ባዕድ ያከብርልናል ብለን ተስፋ ልናደርግ አይገባንም።

እንግዲህ በመንግሥት የተላከ አገልግሎት ቸርነት ነውን? ላኪው ቸር ላይሆን ይችላል፤ የተላከው ወጣት ግን ቸር ሊሆን ይችላል። ተቀባዩም በበኩሉ ስጦታውን የሚያከብረው ስለ ሰጪው በመዘመር ሳይሆን፣ ሰጪው የማያስፈልግበትን ቀን በማዘጋጀት ነው።