ስሙ የተሸፈነ ሲኒ

የቡና ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ስም የለም። ከሐረር የመጣውም፣ ከይርጋጨፌ የመጣውም፣ ከጅማ የመጣውም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በአንድ ዓይነት መጠን፣ በቁጥር ብቻ ተለይቶ ይቀርባል። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይፈስሳል። ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ሽፋን በማንኪያ ይሰበራል፤ ቀማሹም አፍንጫውን አስጠግቶ መዓዛውን ይስባል። ከዚያ በማንኪያ እየጨለፈ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይምገዋል፣ ይተፋዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በመጨረሻ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው «ስፔሻሊቲ» ይባላል። በዚህ ሁሉ መሀል ቡናው የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ቀማሹ አያውቅም። እንዳያውቅ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ስሙን መሸፈን ለቡናው ፍትሕ ነው ተብሎ ይታመናልና።

በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ ፍትሕ በተቃራኒው መንገድ የተጠየቀበት ታሪክ አለ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ይገኛል። ኢትዮጵያ በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉ ሦስት ስሞችን ይዛ ለዚህ መሥሪያ ቤት አመለከተች። ጥያቄዋ ስሞቹ ሲጠሩ የማን እንደሆኑ ይታወቅ የሚል ነበር። በቅምሻው ጠረጴዛ ፍትሕ ማለት ስም መሸፈን ነው፤ በአሌክሳንድሪያው መዝገብ ፍትሕ ማለት ስም መግለጥ ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው ይቆማሉ? የይርጋጨፌን ቡና ከሐረር፣ የሐረርን ከጅማ የሚያወዳድር ሰው ትክክለኛ ፍርድ የሚሰጠው ስሙን ሳያውቅ ነው ወይስ አውቆ? ነገሩ የምላስ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም ከነጥቡ ኋላ የገበሬ ኑሮ አለ። ሁለት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ዋጋውም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

በመጀመሪያ ስም መሸፈን የራሱ ምክንያት እንዳለው ማመን ይገባል። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም ሚዛን በጻፈው ድርሰቱ ከዶን ኪኾቴ መጽሐፍ የወሰደውን አንድ ታሪክ ያነሣል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን እንዲቀምሱ ይጠየቃሉ። አንደኛው ወይኑ ጥሩ ነው፣ ጥቂት የቆዳ ጣዕም ግን አለበት ይላል። ሌላውም ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን ብረት ብረት ይላል ይላል። ሰዎቹ ሁለቱንም ሣቁባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም በዚህ ታሪክ የሚያሳየው ጣዕም የየሰው ምርጫ ብቻ አለመሆኑን ነው። በሲኒው ውስጥ በእርግጥ ያለ ነገር አለ፤ የሠለጠነ ምላስም ያገኘዋል። ለዚህ ግን ልምድ፣ ደጋግሞ ማወዳደርና ከአድልዎ መጽዳት ያስፈልጋል።

አድልዎው ምን ያህል እንደሚጎዳ የጅማ ቡና ምስክር ነው። «ጅማ 5» የሚለው መጠሪያ በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን ተራና ርካሽ ቡና ማለት ነበር። መሬቱ ግን ቡናን ከጥንት የሚያውቅ፣ ጫካውም ቡና የሞላበት ነው። ጉድለቱ ከአለቃቀምና ከአደራረቅ የመጣ ነበር፤ የበሰለውና ያልበሰለው አንድ ላይ ይለቀማል፣ ጀንፈሉም ያለ በቂ ጥንቃቄ ይደርቃል። ከ2010 ገደማ ጀምሮ በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ማጠቢያ ጣቢያ አቁመው፣ ቀዩን እሸት ብቻ እየለቀሙ ማዘጋጀት ያዙ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዱሮሚና የኅብረት ሥራ ማኅበር በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ብርጭቆው ላይ «ጅማ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ምን ያህሉ ቀማሽ ገና ሳይቀምስ ፊቱን ያዞር ነበር? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የገበያን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው፤ አንዴ ከወጣም የልጅ ልጅን ይከተላል። ለተናቀ አካባቢ ስሙ መሸፈኑ መዳኛው ነው።

አድልዎ በንቀት ብቻ አይመጣም፤ በፍቅርም ይመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ በአሜሪካ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ቦኒፋንት ጎዳና ላይ «ከፋ» የሚል ስም የያዘ ካፌ አለ፤ ሐበሻ መደብሮችም ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ጥሬ ቡና ይሸጣሉ። እዚህ የሐረር ልጅ ከሐረር ቡና በቀር ቡና አለ ብሎ አያምንም፤ የወለጋውም፣ የሲዳማውም እንደዚያው። ቡናው ግን የሚጠጣው ምጣድ ላይ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ፣ በጀበና ፈልቶ፣ አንዳንዴም በጨው ወይም በጤና አዳም ታጅቦ ነው። እንዲህ የጠቆረ ቡና አንዱን አካባቢ ከሌላው የሚለየውን ስስ መዓዛ ይሸፍናል፤ ቀማሾች ገለል ያለ ቀላል አቆላል የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሦስት ሲኒ ያለ ስም ቢቀርብለት የአገሩን ቡና የማያውቀው ሰው ቁጥር ቀላል አይሆንም። ይርጋጨፌን ረግጦ የማያውቅ የአሜሪካ ቀማሽ ግን በአበባ መዓዛውና በሎሚ መሰል ጎምዛዛነቱ ወዲያው ሊለየው ይችላል።

ታዲያ ስሙ የሚገባው ለማን ነው? በምላሱ ለሚለየው ወይስ ለበቀለበት? ይህ ጥያቄ የቅምሻን ወሰን ያሳያል። የአባቱን ማሳ ቡና ከጎረቤቱ ማሳ በምላሱ መለየት ያቃተው ገበሬ ማሳውን አይነጠቅም። መለየት እውቀት ነው፤ እውቀት ደግሞ ባለቤት አያደርግም። ቀማሹ የሚለይበት ቃል እንኳ ብዙ ጊዜ የራሱ የልጅነት ቃል ነው። የሐረርን ጀንፈል ቡና ቀምሶ «ብሉቤሪ» ይላል፤ ብሉቤሪ ግን በሐረርጌ ጓሮ የሚለቀም ፍሬ አይደለም። ቃሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ለሌላ ቀማሽ በሚገባ ቋንቋ የተሰጠ ትክክለኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቡናው በሌላ ሰው ትዝታ እየተገለጸ መሆኑን አለመርሳት ነው።

ስም የሌለው ፍርድ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን የጌሻ ታሪክ ያሳያል። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ፣ የቡና ዘር ተሰብስቦ ወጣ። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ። በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ይህን ቡና ከሌላው ለይቶ ለአገሪቱ ውድድር አቀረበው። ዳኞቹ በመካከለኛው አሜሪካ ቡና ያልለመዱትን የአበባ መዓዛ አገኙበት፤ አሸነፈ፤ በጨረታም በፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም ለዚያ ዘመን የሚያስደንቅ ዋጋ ነበር። ዛሬ ዋጋው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዳኞቹ አልተሳሳቱም፤ ገበሬዎቹም ዘሩን ለይተው በማወቃቸውና በመንከባከባቸው ሊመሰገኑ ይገባል። የጌሻ ሰው ግን በዚያ ጨረታ ውስጥ የለም። ስሙ ራሱ በፊደል አጣጣል ተለውጦ ከጃፓን ሴት አጫዋቾች መጠሪያ ጋር እስከ መምታታት ደርሷል። ምላስ ጣዕምን እንጂ ዕዳን አይቀምስም።

የአሌክሳንድሪያው ክርክር ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ማመልከቻ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2004፣ ስታርባክስ «ሽርክና» እና «ሲዳሞ» የሚሉ ቃላት ያሉበትን የቡና ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ ቃሉን ልብ ይላል፤ ስሙ ሽርክና ይላል፣ አመልካቹ ግን አንድ ነው። የኢትዮጵያ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት የወል መጠሪያ ሆነዋል በሚል ተቃወመ። ክርክሩ ሲጨመቅ፣ ስሙ እጅግ ስለታወቀ የማንም አይደለም ማለት ነው። ገበሬው ለዘመናት ስሙን ያስታወቀው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ መታወቁ ከስሙ የሚያስወጣው ምክንያት ሆነ።

በሌላ ወገን የቆመው ሐሳብ ግን ያለ ክብደት አይታለፍም። ስታርባክስ የተሻለው የአካባቢ ማረጋገጫ ሥርዓት ነው ይል ነበር፤ ቡናው በእርግጥ ከዚያ መሬት መምጣቱና ጥራቱን መጠበቁ ይረጋገጥ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎችን በየማሳቸው ተከታትሎ ማረጋገጥ ከባድና ውድ ነው ብላ የንግድ ምልክትን መረጠች። በአንደኛው ዓይን ስም ለጠጪው የሚሰጥ የጣዕም ዋስትና ነው፤ በሁለተኛው ዓይን ስም የአምራቹ ንብረት ነው። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ኦክስፋም ጉዳዩን ወደ ሕዝብ አደባባይ አወጣው፤ በሰኔ 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ፣ ኩባንያውም የስሞቹን ባለቤትነት አወቀ። ስምምነቱ ዋጋን በአንድ ጀምበር አልቀየረም። ያጸናው አንድ ነገር ቢኖር፣ በስሙ የሚነግድ ሁሉ ከባለ ስሙ ጋር መነጋገር እንዳለበት ነው።

ስም መግለጥ ግን በራሱ ንጹሕ አይደለም። በአሌክሳንድሪያ የተሟገቱለት «ሲዳሞ» የቀድሞ ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ የጌዴኦና የጉጂ ቡናም በእሱ ሥር ሲጠራ ኖሯል። የሲዳማ ሕዝብ ራሱን የሚጠራው ሲዳማ ብሎ ነው፤ በ2019 ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ በ2020 ክልል ሲሆንም በዚሁ ስም ነው። ስሙን ለባለቤቱ መመለስ ሲባል፣ ባለቤቱ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ መጠየቅም አብሮ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ፣ ሁለቱ ፍትሖች የሚጣሉት ቦታቸው ሲለዋወጥ ነው የሚል ነው። ስም መሸፈን ለፍርድ ሰዓት ነው፤ ስም መግለጥ ለክፍያ ሰዓት። ቀማሹ ሲፈርድ ስሙን ካወቀ ለዝነኛው ያደላል፣ የተናቀውን ይጥላል። ገዢው ሲከፍል ስሙን ካላወቀ ግን ቡናው ዕቃ ብቻ ይሆናል። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበርም ከ2023 ጀምሮ ባስተዋወቀው አዲስ የግምገማ ዘዴ የቡናውን ጣዕም መግለጽን፣ ቀማሹ ምን ያህል እንደወደደው መናገርንና ቡናው የመጣበትን ቦታና ታሪክ መመዝገብን ለያይቶ አስቀምጧል። ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸውና።

ቦታው ሲሳት ምን እንደሚሆን በአገር ቤትም ታይቷል። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛው ወደ ውጭ የሚላክ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ተደረገ። ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከመሰሎቹ ጋር ይቀላቀል ነበር። ሥርዓቱ ጥቅም ነበረው፤ የዕለቱ ዋጋ በግልጽ ይታወቃል፣ ሻጩም ገንዘቡን ቶሎ ያገኛል። ነገር ግን ለቅምሻ ጠረጴዛ የተሠራው መሸፈኛ እስከ ገበያው ድረስ ተዘረጋ። ቀዩን እሸት ብቻ የለቀመው ማኅበርና ያልተጠነቀቀው ጎረቤቱ በአንድ ጆንያ ገቡ። በኋላ፣ በ2017 በተጀመረው ማሻሻያ፣ ገበሬዎችና ላኪዎች ቡናቸውን በምንጩ ስም በቀጥታ የሚሸጡበት በር ተከፈተ።

ሁለቱም በየቦታቸው ሲገኙ የሚሆነውን የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በ2020 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተካሄደ። ቡናዎቹ በቁጥር ተሸፍነው ተቀመሱ፤ አንደኛው 91.04 ነጥብ አገኘ። ከዚያ መሸፈኛው ተነሣ፤ ቡናው የሲዳማ ገበሬ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ሆኖ ተገኘ። በጨረታም በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ። ቀማሾቹ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ፈረዱ፣ ገዢዎቹ ማን እንደሆነ አውቀው ከፈሉ።

አሸናፊ ግን አንድ ነው። ለብዙው ገበሬ መሸፈኛው ሳይነሣ ይቀራል፤ ቡናው ተቀምሶ፣ ነጥብ ተሰጥቶት፣ ተሸጦ ሲያበቃ ስሙ ከቁጥር አያልፍም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካለ መደብር አንድ ከረጢት አንሥቶ የሚያገላብጥ ሰው ከፊቱ ይህ ጉዳይ አለ። ከረጢቱ ላይ ያሚንና ሎሚ ተጽፎ፣ አገሩ «ኢትዮጵያ» ተብሎ በአንድ ቃል ከታለፈ፣ የቀማሹ ትዝታ ከአምራቹ አድራሻ ይልቅ ተብራርቷል ማለት ነው። ወረዳውን፣ ማጠቢያ ጣቢያውን፣ ማኅበሩን መጠየቅ፣ ለገበሬው የደረሰው ስንት እንደሆነም መጠየቅ ጣዕሙን አይጨምርም። ነገር ግን «ይህ ሐረር ነው፣ ይህ ይርጋጨፌ ነው» ብሎ በምላሱ የሚመሰክር ሰው ስለ ሰዎችና ስለ መሬታቸው እየመሰከረ ነው። ከአቦል በኋላ ቶና፣ ከቶና በኋላ በረካ የሚጠብቅ ባህል ቡናን ጠጥቶ ወዲያው መነሣትን አይወድም። በቅምሻም ነጥቡን ሰጥቶ መነሣት ሥራውን ከመሀል መተው ነው።