ሳይመረምሩ ስለ መፍረድ

ነጋዴን መውቀስ በእኛ ዘንድ እጅግ የቀለለ ስብከት ሆኗል። ጤፍ ሲወደድ፥ በቆሎ ሲጠፋ፥ ሰባኪው በዐውደ ምሕረት ቆሞ እህል የሚያከማቸውን ይረግማል፤ ደላላውንም ከሌባ ጋር ይቈጥረዋል። ቅዱስ መጽሐፍ እህልን የሚሸሽግ ሰው በሕዝብ አፍ የተረገመ፥ በሐሰት ሚዛን የሚመዝንም በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ማስተማሩ የታወቀ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን የሸሸገውና ያታለለው ይህ ሰው መሆኑን በምን ዐወቅን? ሳይመረምሩ መፍረድስ ራሱ በሐሰት ሚዛን መመዘን አይደለምን?

ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የሰዶምን ጩኸት በሰማ ጊዜ እንኳ ወርዶ ሊያይ እንደ ወደደ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። መምህራን ይህን ሲያብራሩ፥ የማያውቀው ኖሮ አይደለም፤ ዳኞች ሳይመረምሩ እንዳይፈርዱ ሲያስተምር ነው ይላሉ። እንግዲህ ምርመራ የዓለማውያን ሊቃውንት ሥራ ነው፥ ለካህን አይገባውም የሚል ቢኖር ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብበው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ቍጥርን ፈርታ አታውቅም። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው የሰማይን አካሄድ በጣቱ አንጓ ይቈጥራል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፥ ዐሥራ ሁለቱ የጨረቃ ወራት 354 ቀን ሲሆኑ ልዩነቱ 11 ነው፤ ጥንተ አበቅቴ የምንለው ይህ ነው። ደግሞም 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ስለሚገጥሙ ዓመተ ዓለሙን በ19 እንከፍላለን። ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. ብናወጣ፥ 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ሲተው ወንበሩ 12 ይሆናል፤ 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፥ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል፤ ሁለቱም ተደምረው 30 ይሞላሉ። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነበር? ባለጠጋውና ድኻው፥ የቆላውና የደጋው ሰው በአንድ ቀን እንዲጾሙ፥ በአንድ ቀንም እንዲፈስኩ ነው። (የዛሬ ደቀ መዛሙርት ሒሳቡን ትተው በግድግዳ የተሰቀለውን የቀን መቍጠሪያ ማየት መምረጣቸው ሌላ ኀዘን ነው።) ስለዚህ በእንጦጦ ተራራ በተተከሉት ሁለት መነጽሮች ከዋክብትን የሚመረምሩትን ወጣቶች «ሕዝቡ ዳቦ ሲያጣ ኮከብ ምን ይሠራል?» እያሉ መንቀፍ ለእኛ አይስማማንም። በ2012 ዓ.ም. አንዲት ሩቅ ኮከብ «ቡና»፥ በዙሪያዋ የሚሄደውም ዓለም «አቦል» ተብለው በኢትዮጵያ ስም ሲሰየሙ ደስ ያለን በከንቱ አልነበረም።

ከሰማይ ወደ መርካቶ እንውረድ። በሁለት ጻሕል የሚሠራው ሚዛን እህሉን ከብረቱ መመዘኛ ጋር ስለሚያስተያይ በየትም አገር ቢቆም ፍርዱ አይለወጥም። በሞላ የሚሠራው ሚዛን ግን የሚለካው የምድርን ስሕበት ነው፤ ስሕበትም ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡና ወደ ከፍታ ሲወጡ ያንሳል። በለንደን የተስተካከለ ባለ ሞላ ሚዛን እንዳለ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ቢሰቀል፥ ሙሉ የሆነውን 100 ኪሎ ከ300 ግራም በላይ አጕድሎ ያሳያል፤ የሚጐዳውም ገዢው ሳይሆን ጐደለ ተብሎ የሚያስጨምሩት ሻጩ ነው። ማንም ሳያታልል ጕድለት ሆነ፤ ይህንንም የፊዚክስ ሊቅ ካልነገረን ልንወቅስ የምንችለው ሰውን ብቻ ነው። የአንዱ ወረዳ ቁና ከሌላው ወረዳ ቁና የማይተካከል መሆኑንማ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንዲርቅ ተብሎ የተመደበ ስፍራ ነው፤ ስሙም የዚያኑ ቋንቋ ይዞ ቀረ። በውስጡ ካሉት ተራዎች እህል በረንዳ ለብዙ ዘመን የአገሪቱን እህል ሲያራግፍና ሲያከፋፍል ኖሯል። በዚህ ዐይነቱ ገበያ ከነጋዴው ይልቅ የሚሰደበው ደላላው ነው፤ «ሳይዘራ የሚያጭድ» ይባላል። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆኑት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ግን በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላጠናቀቁት ጥናት ስድቡን ሳይሆን ሥራውን መረመሩ፤ ነጋዴዎችንና ደላሎችን እየጠየቁ እህሉ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፥ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚያስወጣ ቈጠሩ። የታየውም ይህ ነው፤ የእህሉ ደረጃ በጽሑፍ ባልተወሰነበት፥ ውል ቢፈርስ ፍርድ ቤቱ በዘገየበት አገር፥ በሩቅ ከተማ ያለ ነጋዴ የማያውቀውን ገዢ ፈልጎ ማግኘት እጅግ ይከብደዋል። ደላላው እህሉን በዐይኑ አይቶ፥ በእጁ ዘግኖ፥ ለማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ቃሉን መያዣ ያደርጋል። የሚያተርፈውም በዚህ መታመን ነው። ከእነዚህ መካከል ዋሾ የለም አንልም፤ ሥራው ግን በራሱ ስርቆት አይደለም፤ ብዙ ሰባክያን የሚስቱት በዚህ ነው።

ነጋዴን በጅምላ ጠላት ማድረግ ምን እንደሚያመጣ አገራችን በደርግ ዘመን አይታለች። ገበሬው የተመደበበትን ኮታ በተቈረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ፤ እህልም ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንዳይሄድ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። አሳቡ በሚያምር ቃል የተነገረ ነበር፤ ድኻው ከቀማኛ ነጋዴ ይዳን የሚል። ነገር ግን እህል ከተረፈበት ወደ ጐደለበት የሚያደርሰው እግር ነጋዴው ነበርና፥ እግሩ ሲታሰር የጐደለበት አገር በረኀቡ ቀረ። ይህ ሥርዓት እስከ 1982 ዓ.ም. ቆይቶ ነው የተነሣው።

ከዚያም በፊት በወሎ የደረሰው ረኀብ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አለው። ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የ1965 ዓ.ም.ን መከራ ሲመረምሩ፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚታሰበው እንዳልናረ አሳዩ። ሰው የሚሞተው እህሉ ስለ ተወደደበት ነው ብለን ነበር የምናስበው፤ እዚያ ግን የገበሬው እርሻ ደርቆ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው፥ ዋጋው ሳይጨምር ሞተ። ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህልም ነበር። በዚያ ዓመት «ነጋዴ ዋጋ አታስወድድ» ብሎ የሰበከ ካህን ቢኖር ቃሉ እውነት ነው፤ የሚሞተውን ግን አልደረሰለትም። የሚያስፈልገው ለተራበው የመግዣ ገንዘብ ወይም ራሱን እህሉን መስጠት ነበርና።

ምርመራ ግን ብቻውን አያድንም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. አዝመራው ሰምሮ የበቆሎ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ ሰብሉን ለማንሣት የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ የበለጠበት ገበሬ ነበረ፤ በ1995 ዓ.ም. ዝናም ሲጐድል ደግሞ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዶክተር እሌኒ ይህን ተመልክተው የደከሙበት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ምርቱ በደረጃ ተመዝኖ፥ በመጋዘን ተቀምጦ፥ ዋጋው ለሁሉ በአንድነት እንዲታይ ነበር አሳቡ። ይሁን እንጂ ስለ እህል የታሰበው ቤት በእህል አልሞላም፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡና በዚያ እንዲሸጥ በሕግ ሲወሰን የቡና ቤት ሆነ። እኛ እንደሚመስለን፥ ደረጃና መጋዘን በዐዋጅ ይቆማሉ፤ የእህል በረንዳ ሰዎች ለዘመናት ያካበቱት መተማመን ግን በዐዋጅ ከቦታ ወደ ቦታ አይዛወርም።

ዕውቀቱ ሲሠምርም እንኳ የሚፈራ ነገር አለ። ጻድቁ ዮሴፍ የሰባቱን ዓመት ጥጋብ አስቀድሞ ቈጥሮ፥ ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማችቶ ግብጽን ከሞት አዳነ። ሕዝቡ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ከብቱን፥ ከብቱ ሲያልቅ መሬቱንና ሰውነቱን ለፈርዖን ሰጠ። ዮሴፍን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምንጽፈው፤ ነፍስ አድኗልና። ነገር ግን ቍጥሩን የሚያውቀው አንድ ብቻ፥ ጐተራውም የአንድ ጌታ ብቻ በሆነ ጊዜ፥ የዳነው ሕዝብ ባሪያ ሆኖ መዳኑን አንርሳ። ስለ ድኻ ኑሮ የሚያጠኑ ምሁራን የቈጠሩትን ለተቈጠረው ሰው እንዲመልሱለት መጠየቅ ይገባናል፤ ገበሬውም የአዲስ አበባን ዋጋ እንደ ነጋዴው እኩል ሊያውቅ ይገባዋል።

የንስሐ አባቶች ግን ምሁራን እስኪስማሙ መጠበቅ አይችሉም። ከበርበሬ ተራ የመጣ ሰው ሸክላ ፈጭቶ ከበርበሬው ጋር እንደ ቀላቀለ ቢናዘዝ፥ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የወሰደውን ይመልስ፥ ቀኖናውንም ይቀበል። ሌላው መጥቶ «በሦስት ሺህ ብር የገዛሁትን ኩንታል መንገድ ስለ ተዘጋ በአራት ሺህ ሸጥሁት» ቢልስ? ፊቱን ከማጥቈር አስቀድሞ ካህኑ ይጠይቀው። በሸጠበት ቀን ያንኑ ኩንታል መልሶ ለመተካት ስንት ይከፍል ነበር? ለመኪናና ለመጋዘን ስንት ወጣ? ከባልንጀሮቹ ጋር ተማክሮ መጋዘኑን ዘግቶ ነበርን ወይስ ብቻውን በገበያው ዋጋ ሸጠ? መልሱ አራት ሺህ ቢተካው የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ፥ ሰውየው ቀኖና ሳይሆን ማጽናናት ይሻል፤ መጋዘኑን በምክር ዘግቶ ከሆነ ደግሞ ትርፉ የማን እንደ ሆነ፥ ለማንስ እንደሚመለስ ካህኑ ከእርሱ ጋር ተቀምጦ ይቍጠር።